ሌሊት የሚፈሰው

ጂንካ ላይ አንዲት የአርባ ዓመት ላንድክሩዘር ሁለት ሌሊት ከቆመች ሞተሪኖዋ ድምፅ አያሰማም። አዛውንቱ ሾፌር ሁለት ጊዜ ባትሪ ለወጡ (ሻጩስ አልተከፋም)፤ መኪናይቱንም ቁልቁለት ላይ ማሳደር ለመዱ። በከተማ ገፊ አይታጣም፤ ማጎ ቆላ ወርዶ ለቆመ ግን ማን አለው?

አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈትቶ በመካከሉ አምፑል አገናኘ። አምፑሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ ብርሃኑ አልጠፋም። አንድ አምፔር ብቻ እንኳ ቢፈስ የ60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ60 ሰዓት ባዶ ይቀራል። በመጨረሻ በፊውዝ ሳጥኑ የማያልፈውን የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ሲፈታ አምፑሉ ድርግም አለ። ኃይል ወደ ባትሪው እንጂ ወደ ኋላ እንዳያሳልፍ የተቀመጠው ዳዮድ በር ከፍቶ ኖሯል።

ዳዮዱ ተለወጠ። ያን ማታ አዛውንቱ መኪናቸውን ሜዳ ላይ አቆሙ።