«ዕድሜ ነዋ!»

ላስታ ውስጥ ለደከመ ዓይን ሰበብ ሞልቷል። የጎጆው ጭስ አለ፣ አቧራው አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጧፍ ማንበብ አለ። ካልሆነም «ዕድሜ ነዋ!» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ደም ብዛትን የሚጠረጥር የለም። እንዴትስ ይጠርጥር? ግፊት የሚባለው ነገር የከተማ ሰው፣ የወፍራም ሰው፣ የጮማ ቆራጭ በሽታ ነው ተብሎ የለ!

የላሊበላው አጎቴ ከእነዚህ አንዱንም አይደሉም። ቀጭን ናቸው፣ ጿሚ ናቸው፣ ዳገቱን እኛን ወጣቶቹን ጥለውን ይወጡታል። ግን ግፊት አለባቸው። ኪኒናቸውንም ይወስዱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ በጦርነቱ ስትያዝ መንገዱ ተዘጋ፤ ኪኒናውም አለቀ። በኋላ ስልክ ሲመለስ «ያለ እሱም ደህና ነኝ፤ ምንም አላመመኝ» አሉን።

የግፊት ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው እናንተዬ፤ አያምም!

አንድ ቀን ጠዋት ዳዊታቸውን ሲገልጡ ግራ ዓይናቸው ላይ ጥላ አጠላበት። ሕመም የለ፣ መቅላት የለ። ያየ ሁሉ «መነጽር ይግዙ» አለ። ደሴ ያያቸው የዓይን ሐኪም ግን ዓይናቸውን በመብራት ካየ በኋላ የጠየቃቸው «ግፊትዎን መቼ ተለኩ?» ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓይን ጀርባ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ ብርሃን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው። የሚመግቡት የደም ሥሮች ቀጫጭን ናቸው። ግፊት ለዓመታት ሲገፋቸው ግድግዳቸው ይወፍራል፣ መተላለፊያቸው ይጠባል። ሲብስም ይደማሉ፣ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ወይም ይዘጋሉ። ሐኪም ሰውነት ሳይቀድ የደም ሥርን በቀጥታ የሚያየውም እዚያ ነው። ስለዚህ ዓይን ውስጥ የታየ ጉዳት «ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልንም ተመልከቱ» ይላል።

የተጎዳን ሬቲና መነጽር አይጠግነውም። የአጎቴ ግራ ዓይን እንደ ድሮው አልሆነም። ቀኙ ግን ተርፏል፤ አሁን ዳዊቱንም በእሱ ይደግማሉ። ጠበሉንም ኪኒናውንም አይተዉም።

ለገና ላሊበላ የምትወጡም፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ እናት አባት የምትጠይቁም፣ «ዓይኔ ደከመ» የሚል ሰው ካለ ከመነጽር ቤቱ በፊት ግፊቱን አስለኩት። ክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ተደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እግረ መንገዳችሁንም የራሳችሁን ክንድ ዘርጉ።