ታምራለች፣ ግን ጥሬዋን አትንኳት!

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስቶክሆልም የሄደ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚስበው ቤተ መንግሥቱ አይደለም። እውነቴን ነው! የሕንፃው ደጅ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ሁሉ እንደ በርበሬ የቀላ ፍሬ ያንጠለጠለ ዛፍ አለበት። ስዊድኖች «ሮን» ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ሶርቡስ አውኩፓሪያ ነው። ቁመቱ ብዙ አይደለም፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ቅጠሉን ሳየው ግን «ይቺን የሆነ ቦታ አውቃታለሁ» አልኩ። ከአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ከ9 እስከ 19 ትንንሽ ቅጠሎች፤ የመጨረሻዋ ጫፉ ላይ ብቻዋን። ኮሶን ታውቁት የለ? ለካ ሁለቱም የጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው!

ያረፍኩባት እህት (ስሟ ይቆየን) መስኮቷ ሥር አንድ አላት። ጥገኝነት ጠይቃ መልስ ስትጠብቅ ፍሬው ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ቀላ።

«እኔ የቀን መቁጠሪያ አላይም» አለችኝ። «ግንቦትና ሰኔ ነጭ አበባ፣ ነሐሴ ቀይ… በሷ ነው የምቆጥረው።» አበባው ለዓይን እንጂ ለአፍንጫ አይሆንም አሉ፤ ሽታው ይከብዳል።

አንድ ቀን ትንሿ ልጇ ፍሬውን አፏ ውስጥ ስትከት እናት ሆዬ ጩኸቷን አቀለጠችው። ልጅቷ ግን ስለመረራት ወዲያው ተፋችው። መቼም ጥቂት ፍሬ ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን ጥሬው ውስጥ ያለው ፓራሶርቢክ አሲድ ሆድ ያውካል። ልጅ ያላችሁ ተጠንቀቁ! ጎረቤታቸው አሮጊት በስኳር ቀቅለው ማርማላታ ይሠሩታል፣ ከአጋዘን ሥጋ ጋር ይበላል። ሲበስል አሲዱ ወደማይጎዳው ሶርቢክ አሲድ ይለወጣል። ይህንኑ ጀርመናዊው ኬሚስት ሆፍማን በ1859 እ.ኤ.አ. ያገኘው ከዚሁ ፍሬ ዘይት ነው፤ ዛሬ የፋብሪካ ምግብ እንዳይሻግት ይጨመራል። ማሸጊያ ላይ «ኢ200» የሚል ካያችሁ እሱ ነው።

የቀረው የወፍ ነው። ብርዱ ሲጠና፣ ስማቸው በስዊድንኛ «የሐር ጅራት» ማለት የሆነ፣ አናታቸው ላይ ቁንጮ ያላቸው ወፎች በመንጋ ይመጣሉ። የተብላላውን ፍሬ በልተው የሚሰክሩም አሉ፣ ኧረ ጉድ ነው! እህታችን ግን አትወዳቸውም።

«በሁለት ቀን ሙልጭ አድርገውት ይሄዳሉ» ትላለች። «ከዚያ እስከ ግንቦት በምን ልቁጠር?»