የሙሽራዋ አያት ንቅሳት

ሠርጉ በጥር ነበር። ጉልበት ተስሞ፣ ምርቃቱ አልቆ ሰው ወደ ምግቡ ሲያመራ የሙሽራዋ አያት በረንዳው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ሲሉ ፎቶ አነሳኋቸው። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፤ ከአገጫቸው ሥር ደግሞ እስከ አንገታቸው የሚወርዱ ቀጫጭን ረድፎች። ካሜራዬ ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ነው። ማታ ኮምፒውተር ላይ አስጠግቼ ሳያቸው የመርፌው ነጥብ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

ከዚያ የለመድኩትን አደረግኩ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ኤክስፖርት ሳደርግ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል እንዲሆን አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩት ቅንብር ነበረኝ፤ ለፌስቡክ ያሰብኩት ነው። ሪዞሉሽን የሚለው ቦታ ላይ ግን 300 ሞልቻለሁ። ለኅትመት 300 ያስፈልጋል ሲባል ሰምቼ፣ ያቺን ቁጥር ካስገባሁ ፎቶው ለማተሚያ ቤትም የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ስንትና ስንት ሠርግ እንዲህ አስረክቤያለሁ። የፋሲካ ማግሥት ሠርጎች ሲደርሱ ሃርድ ዲስኩ ሞላብኝ፤ ዋናዎቹን ፋይሎች አጠፋኋቸው።

በሰኔ የሙሽራዋ እናት ደወሉ። እናታቸው አርፈዋል። "በረንዳ ላይ ያነሳሃትን ትልቅ አርገህ አሳትምልኝ" አሉኝ፤ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ለአርባቸው የሚሰቀል።

ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ ፋይሉን ከፍቶ "ኦሪጅናሉን አምጣው" አለኝ። 300 እኮ ነው አልኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አሳየኝ። 300 የሚለው ቁጥር አንድም ፒክስል አይጨምርም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንቱ ይደርደር የሚል ምልክት ብቻ ነው። የእኔ 2048 በ300 ሲደረደር 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። ወደ 90 ሲለጠጥ ለአንድ ኢንች 58 ፒክስል ነው የሚደርሰው። ያጠፋሁት ኦሪጅናል ረጅም ጎኑ 6000 ነበር፤ ለኢንች ወደ 170 ይደርስ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ለሚታይ ፎቶ ይበቃል። ከ24 ሚሊዮን ፒክስል ያስቀረሁት 2.8 ሚሊዮኑን ነው።

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ሞከርኩ። በላዩ ላይ ሦስት ሠርግ ተጭኖበታል።

ዛሬ ለስልክ የሚሆነውንና ለኅትመት የሚሆነውን በሁለት ፎልደር ለያይቼ አወጣለሁ፤ ለኅትመት የሚሆነውን መጠኑን አልነካም። በቴሌግራም ላክልኝ ለሚለኝም በፋይል መልክ እልካለሁ፣ በፎቶ መልክ ሲላክ ስለሚያሳንሰው። ኦሪጅናሎቹ በሁለት ዲስክ ይቀመጣሉ። ለእሳቸው ግን አልደረሰም።

ያንኑ ያነሰውን ፋይል አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩት። ከሩቅ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ግን ከሩቅ አላዩትም፤ መስታወቱ ድረስ ተጠግተው በጣታቸው ከአገጩ ወደ አንገቱ ወረዱ። ረድፎቹ ተቀላቅለው አንድ ሰማያዊ ጥላ ሆነዋል። የነጠላው ጥለትም ውኃ እንደነካው ቀለም ተድበስብሷል።

"የእናቴ ንቅሳት የታለ ልጄ?"

ዲስኩ ተበላሸ ልል አስቤ ነበር። ቦታ ጠቦኝ እኔው እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ረከቦቱ ወዳለበት እያሳዩኝ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም አሉኝ። ፎቶው ዛሬም ሳሎናቸው ተሰቅሏል።