ደሙ ቸኮሌት ነበር

አስፈሪ ፊልም የሚወድ ሰው ስለ ምርጫው ሲጠየቅ ትንሽ ማፈሩ አይቀርም፤ እኔም አፍራለሁ። ሆኖም በወጣትነቴ በቴአትር ቤት የገጽ ቅብ ሠራተኛ ስለ ነበርሁ፣ የሚፈሰው ደም ከምን እንደ ተቀመመ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለቤት መመልከቻ በሚታተሙ የፊልም ዲስኮች ላይ ስለ አሠራሩ የሚተርከውን ተጨማሪ ክፍል ከዋናው ፊልም አስበልጬ የምወደውም ለዚሁ ነው።

በቅርቡ የ16 ዓመት የእኅቴ ልጅ እቤቴ መጥታ ሳለ የጆርጅ ሮሜሮን “የሕያዋን ሙታን ሌሊት” አብረን አየን። ፊልሙ ሲያልቅ ልጅቷ መብራት አጥፍቼ አልተኛም አለች። “ቆይ፣ መድኃኒቱን ላሳይሽ” ብዬ ተጨማሪውን ክፍል ከፈትሁላት።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ አካባቢ ተቀረጸ። አዘጋጆቹ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በመሥራት የሚተዳደሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ጠቅላላ ወጪው 114,000 ዶላር ያህል ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሙታኑ የሚቀራመቱትን ሆድ ዕቃ ያመጣው ገንዘብ ካዋጡት አንዱ፣ ሥጋ ነጋዴው ነው። በመቃብሩ ሥፍራ መጀመሪያ የሚሞተው ወንድም ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ፣ ራስል ስትራይነር ነው። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። (የእኛ ቀይ ቀለም ግን ከተመልካቹ ይልቅ የልብስ አጣቢዋን ያስለቅስ ነበር።)

እነዚህ ሰዎች የላባቸውን ዋጋ በወጉ አላገኙም። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲለውጥ የቅጂ መብቱ ማስታወቂያ አብሮ ወደቀ፤ በዘመኑ ሕግ ይህ መብትን የሚያሳጣ ስሕተት ነበርና ማንም እየገለበጠ ሸጠው። ለዓመታት የተሠራጨውም ብዙው የደበዘዘ ቅጂ ነው። ከዋናው ኔጋቲቭ ታድሶ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የታየው በ2016፣ ከነተጨማሪ ክፍሉ በዲስክ የወጣው በ2018 ነው። ስለዚህ ያ ተጨማሪ ክፍል ለእኔ ምራቂ ብቻ አይደለም፤ ሠሪዎቹ ስለ ሥራቸው በገዛ አንደበታቸው የሚናገሩበት ሥፍራ ነው።

የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የቤን፣ ነገር ግን ሌላ ነው። ቤንን የተጫወተው ድዌን ጆንስ፣ የቴአትር ሰውና መምህር፣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ሮሜሮ እንደሚለው ክፍሉን ያገኘው በፈተናው ስለ በለጠ እንጂ ድርሰቱ ስለ ጥቁር ሰው ስለ ተጻፈ አይደለም። ቤን ሌሊቱን ከሙታኑ ተርፎ፣ ጧት ሊያድኑ በመጡ ታጣቂዎች ጥይት ይሞታል። ሬሳውም በሥጋ መንጠቆ ሲጎተት በማይንቀሳቀሱ፣ የጋዜጣ ፎቶግራፍ በሚመስሉ ሥዕሎች ይታያል። ሮሜሮ ደጋግሞ እንደ ተረከው፣ ያለቀውን ፊልም በመኪና ወደ ኒው ዮርክ ሲወስዱ ነው የማርቲን ሉተር ኪንግን መገደል ከሬዲዮ የሰሙት፤ ሚያዝያ 4 ቀን 1968።

ልጅቷ ሳቋን አቁማ፣ “ጋሼ፣ ይኸኛውስ በምን ተሠራ?” አለችኝ።

“ፎቶግራፍ ነው” አልኋት። መብራቱን ሁለታችንም ሳናጠፋው አደርን።