ምሳዬ በስኒ

በአገራችን ልማድ የሰው ውፍረት የምቾት፣ ክሳት ደግሞ የችግር ወይም የሕመም ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ የታወቀ ነው። አንዲት ሴት ገላዋ ሞላ ሲል «ተመችቷታል» ይባላል፤ ጉንጯ ሲጎድል ደግሞ «ምን ነክቷት ይሆን?» ይባላል። ታዲያ እንዲህ ባለው ኅብረተሰብ ውስጥ አንዲት ሴት ውፍረቷ በሽታ ሆኖባት፣ ለመክሳት ስትል ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አስቆርጣ ብትመለስ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር እንዴት ገበታ ትቀርባለች? ጥያቄው የራሴ ነው፤ መልሱንም እየኖርኩ ነው የተማርኩት።

በ2010 ዓ.ም. ክብደቴ 118 ኪሎ ደርሶ ነበር። ቁመቴ ከአንድ ሜትር ከስድሳ አይበልጥም። የጋዜጣ ሥራ ወንበር ላይ ያውላል፤ መሄዱም መመለሱም በታክሲ ነው፤ ማታ ደግሞ ልጆች ያስተረፉት እንዳይደፋ የሚታሰበው ለእናት አፍ ነው። ይህን የምታነቡ ሠራተኛ እናቶች የማታውቁትን አልነገርኳችሁም። ይሁን እንጂ እንደ እኔው እየዋሉ እንደ እኔው የሚበሉ የሥራ ጓደኞቼ ቀጫጭን ነበሩ። ሐኪሞቹም ነገሩ የሆዳምነት ብቻ አለመሆኑን፣ የዘርና የሰውነት አሠራር ድርሻ እንዳለው ገልጸውልኛል። የደም ስኳሬ ከፍ አለ፤ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ወፈርኩ። በመጨረሻ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ግማሹን ወጪ፣ የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ደግሞ ግማሹን ሸፍኖልኝ ሕንድ አገር ሄጄ ቀዶ ጥገናውን አደረግሁ።

ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ሆድ ላይ አምስት ያህል ትናንሽ ቀዳዳዎች ከፍቶ ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቆርጦ ያወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ጠባብ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሁለት የቡና ስኒ ያህል ቢይዝ ነው። ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል የረኀብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር በብዛት የሚመነጭበት በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረኀብ የሚባለው ነገር ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። እኔ ዘንድ ጠፍቶ ነበር። ሰዓት እያየሁ እንደ መድኃኒት እበላ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአጥሚትና በቀጭን ሾርባ አለፉ፤ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ምግብ ተከተለ። ወደ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ገደማ ነው እንደ ሰው ገበታ የቀረብኩት። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ቫይታሚንና ካልሲየም ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ደምም በየጊዜው ይመረመራል። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተመንፈቅ እንድትቆይ ትመከራለች፤ ይህን ለአማቴ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ወር ጠጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። ጊዜያዊ ነው ተብዬ ስለነበር እኔ አልደነገጥኩም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን ደነገጡ። ጠጉሯ የሳሳ፣ ልብሷ የሰፋባት ሴት ምን እንደምትባል አዲስ አበባ ለኖረ ሰው መንገር አያስፈልግም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጥግ ወስዳኝ፣ ዛሬ መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጥና ሰው በቫይረሱ እንደማይሞት በአዘኔታ አስረዳችኝ። አመሰገንኳት። እውነቱን ስነግራት ደግሞ ያላመነችኝ መሰለኝ።

ከሆስፒታሉ የተሰጠኝ ወረቀት ይህን ሁሉ አላነሣም። ወረቀቱ የተጻፈው በየራሱ ሳህን፣ በሹካ ለሚበላ ሰው ነው። «ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ጥራጥሬውን አስቀድሚ፤ ዳቦና የመሳሰለውን አስከትዪ» ይላል፤ ምክንያቱም ቦታው ጠባብ ስለሆነ ገንቢው ምግብ ቀድሞ መግባት አለበት። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ስድስት ሰው በከበበው ገበታ ላይ እንጀራውን ትታ ሥጋውን የምትለቅም ሴት ምን ዓይነት አስተዳደግ ያላት ትመስላችኋለች? እናቴ በልጅነቴ እጄን በመታ ያስተወችኝን ነገር ሐኪም በጽሑፍ አዘዘልኝ! እንጀራውም ቢሆን አስቸጋሪ ነው፤ በደንብ ካልታኘከ ውስጥ ገብቶ ያብጥና ደረት ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ቤቴ ውስጥ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ወጡን በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ለብቻዬ እያወጣሁ ከልጆቼ ጋር አንድ ገበታ እቀመጣለሁ። ትንሿ ልጄ ለብዙ ጊዜ «እማዬ ተቀይማናለች» ስትል ነበር።

ትልቁ ፈተና ግን ወደ እናቴ አገር ስሄድ ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበረና ወደ ላይ ጋይንት ሄድኩ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ፣ የጉናን ተራራ እየታከከ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። ስሙን የሰጠው ሰው አልተሳሳተም፤ ጥር ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከነፋስ መውጫ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። አገሩ ውብ ነው፤ ግን መሬቱ ተዳፋት፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ፣ የገበሬው ማሳ ጠባብ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲ ኔት ስንዴ ለዓመታት ሲሰፈርባቸው የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ሠርግ ሲደገስ የሚቀርበው እንጀራ የስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ የሚያውቅ እንግዳ «በቃኝ» ለማለት አንደበቱ ይታሰራል።

ገና ዳሱ ጋ ስደርስ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ዘመዶቼ አላወቁኝም። ካወቁኝ በኋላ ደግሞ የሠርጉ ለቅሶ የእኔ ሆነ። «አንች ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የመነመንሽ? አዲስ አበባም እህል ጠፋ እንዴ?» ይሉኛል። 46 ኪሎ የቀነስኩት ሰውነት አዲስ አበባ ጓደኞቼ «አማረብሽ» የሚሉት ነው። እዚያ ግን የ1977ን ድርቅ ባዩ ዓይኖች ነበር የምታየው።

የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ የምላቸው፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው የመጀመሪያውን ጉርሻ አቀረቡልኝ። የጉርሻውን መጠን አይቼ ብርድ ብርድ አለኝ። ተቀበልኩ፤ እያኘክሁ እያኘክሁ ዋጥኩት። ሁለተኛው መጣ። «እትዬ፣ አንቱ ይብሉ፤ በቅቶኛል» ብላቸው፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ በሞቴ! አፈር ስሆን!» አሉ። አክስት አፈር ስሆን ብላ የዘረጋችውን እጅ የሚመልስ ሐኪም ይኖር እንደሆነ እንጃ። ሁለተኛውንም ዋጥኩ። ጠላው ተከትሎ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። ደረቴ ተወጠረ፤ ምራቄ በአፌ ሞላ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ከጓሮ ዞርኩ። ስመለስ ሦስት ዓይነት ወሬ ጠበቀኝ። ገሚሱ «እርጉዝ ናት»፣ ገሚሱ «ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው» አለ፤ አንዲት አሮጊት ጤና አዳም ቀጥፈው አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ሦስተኛዎቹ ዝም ያሉት ናቸው፤ የእነሱ ዝምታ ከሁሉም ይከብድ ነበር።

ማታ ምድጃ ዳር ከእትዬ ጋር ብቻችንን ስንቀር ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሆዴን ከፍቼ ጠባሳዎቹን አሳየሁ። በኩራዙ ብርሃን ጎንበስ ብለው አምስቱንም አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህን ለማስደረግ ገንዘብ ከፈልሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስንት?»

ነገርኳቸው። ስንት በሬ እንደሚገዛ በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ፤ መሐል ላይ ተዉት።

«እኛ ሆድ እያለን እህል አጣን፤ እናንተ እህል እያለ ሆድ አጣችሁ» አሉ። በቁጣ አልነበረም። ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ዓይኔና ኩላሊቴ ሊጎዱ ይችሉ እንደነበር አስረዳኋቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ከዚህ ቀደም ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር ጀመሩ።

በ1977 ዓ.ም. ስማዳ ተድረው ሁለት ልጆች ወልደው ነበር። እህሉ ሲያልቅ ከባለቤታቸው ጋር ልጆቻቸውን ይዘው እብናት ወደሚገኘው የረድኤት መጠለያ በእግር ተጓዙ። ታናሿ በመንገድ ላይ ሞተች። መጠለያው ሲደርሱ የጠበቁት እንጀራ ነበር፤ የተሰጣቸው ግን በኩባያ የተለካ ወተት ነው። ብዙ ጊዜ በረኀብ የቆየ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት ሊሞት እንደሚችል ዛሬ ሕክምና በሚገባ ያውቀዋል። እትዬ ያወቁት ግን ከጎናቸው ተኝቶ ከነበረ ሰው ነው። ሰውየው ከየት እንዳገኘው ሳይታወቅ ማታ ብዙ ቂጣ በልቶ፣ ጧት አልተነሣም። ከዚያ ወዲያ የቀረው ልጃቸው ወደ ሌላ ሰው ምግብ እጁን ሲዘረጋ እጁን ይዘው ይከለክሉት ነበር። «እናቱ ስሆን! እያለቀሰ ከለከልሁት። ጠላኝ። አንድ ወር ሙሉ ጠላኝ» አሉኝ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ መጠለያው በኃይል ተበትኖ ጎጆዎቹ ሲቃጠሉ ያንን ልጅ አዝለው ወደ ስማዳ ተመለሱ። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ በሠርጉ ላይ ጠላ ሲቀዳልኝ የነበረው እሱ ነው።

በማግሥቱ እትዬ የእኔን ምግብ ጉዳይ ራሳቸው ያዙት። ለዘመዱ ሁሉ «ሐኪም በስኒ ነው ያዘዘላት፤ ማንም እንዳያጎርሳት» ብለው አስታወቁ። ጧት ወተት በስኒ፣ ረፋድ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወደ ምሳ ሰዓት አይብ በስኒ ያመጡልኝ ነበር። ማንም ሰው ቃላቸውን አላፈረሰም። ከአዲስ አበባ ይዤው የሄድኩት ማብራሪያ ሁሉ ያልሠራውን የእሳቸው አንድ ቃል ሠራው። ሲሸኙኝ ግን «ያ ሁሉ ብር!» ማለታቸውን አልተዉም። የቀዶ ጥገናውን ጥቅም አምነውበታል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከመቶ 22 ያህሉ ከሚገባው በላይ ቀጫጭን፣ ከመቶ 8 ያህሉ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ቁጥር ከዚያ በፊት ለሥራ ጉዳይ ጽፌው አውቃለሁ። ያን ሌሊት ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ነበር።

አሁን ከቀዶ ጥገናው ሰባት ዓመት አልፏል። ረኀቡ ከአንድ ዓመት በኋላ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ሲመለስ የተሰማኝ ደስታም ፍርሃትም ነው። ክብደቴ 72 ኪሎ ከደረሰ በኋላ ዛሬ 81 ላይ ነው፤ ሐኪሙ ጥቂት መመለሱ የተለመደ ነው ይላል። የደም ስኳሬ ግን ልኩን እንደያዘ ነው። እህቶች የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ኪሎው ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ለስላሳ መጠጥና ስለ ጣፋጭ እነግራቸዋለሁ። እንጀራ የሚያስቸግረው ጨጓራ ብስኩትን ያለ ችግር ያሳልፋልና። ማታ ልጆች ተኝተው የብስኩቱ ቆርቆሮ ብቻውን ሲቀር ቀዶ ጥገናው አይረዳም።

ጾሙም ነገር ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት የነፍስ አባቴ «አንቺ ሕመምተኛ ነሽ» ብለው ነፃ አወጡኝ። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ እጾማለሁ፤ ነገር ግን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በሌሉበት በሁዳዴ ገንቢ ምግብ በዚያ ጠባብ ቦታ ማስገባት ስሌት ይጠይቃል። ምስሩን ወፈር አድርጌ፣ ሽሮውን እንደ ሾርባ በማንኪያ፣ የባቄላ ሥልስ በስኒ። እንጀራው ከሁሉም በኋላ፣ የመዳፍ ያህል።

እትዬ በየዓመቱ የጉናን ገብስ በሶ አድርገው፣ ባቄላም ጨምረው በአውቶቡስ ይልኩልኝ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጭነቱ ቀረ፤ ስልኩም ሲገኝ ነው። ባለፈው ሲገኙ «በሶውን እዚያው ገዝተሽ እንዳትጠጭ፣ የከተማ ገብስ አሸዋ አለበት፤ ለቅመሽ ቁይው» ብለውኛል። እሑድ እሑድ እየለቀምኩ እቆላለሁ፤ ትንሿ ልጄ ትወቅጠዋለች።