ይህን ቤት ማን ሠራው?

አርባቸው እስኪወጣ ድረስ ስለ አባባ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ አቃተኝ። ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ሽታቸው ይመጣብኛል፤ የባሕር ዛፍ ልጣጭ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የቦካ ጭቃ። ትናንት አርባቸው ወጣ። እስኪ ልሞክር።

አባባ የምላቸው አያቴ እንጅባራ ውስጥ አናጢ ነበሩ፤ ያውም ሰው ከተማዋን ኮሶበር እያለ ይጠራት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ። ስንት ቤት እንዳቆሙ ቆጥረው አያውቁም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አብረን ከገበያ ስንመለስ እቆጥር ነበር።

«ይሄ ቤት የእርስዎ ነው?» እላለሁ።

«የባለቤቱ ነው እንጂ!»

«የሠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ማቆሙንማ እኔ አቆምኩት።»

ነገሩ ለእሳቸው ግልጽ ነበር፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። በአገራችን ቤት በባለቤቱ ስም ይጠራል፤ የእገሌ ቤት፣ የነእገሊት ግቢ። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ካልፈረሰ በቀር።

እንደ እኔ ያለ የአገው ልጅ መመካት ሲያምረው ላሊበላን ያነሳል። እውነት አለው፤ የዛጉዌ ነገሥታት አገዎች ነበሩ። አንድ ቀን ይህንኑ ከትምህርት ቤት ይዤ መጥቼ ለአባባ ዘረዘርኩላቸው፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት እየጠረቡ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት እንደጨረሷቸው ጭምር። ሥራቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝና «የጠራቢዎቹ ስም ተጽፎ ቢሆን መላእክቱ ባልደከሙ» አሉ። አያቴ ጾም የማይሽሩ ሰው ነበሩ፤ ፌዝ አልነበረም።

እንጅባራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ የሚከብድ ደጋ ናት። ጭቃ ቤት እዚያ የሚሞተው ከእግሩ ነው። ግድግዳው ሥር ውሃ ከተኛ ቋሚው ይበሰብሳል፤ ቋሚው ሲበሰብስ ቤቱ ያዘማል። ስለዚህ አባባ ክዳኑ ላይ ችክ ይሉ ነበር፤ ቆርቆሮው ግድግዳውን ሙሉ ክንድ ካላለፈ ሚስማር አይመቱም። ባለቤቱ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲከራከራቸው «ባርኔጣ ገዝተህ አፍንጫህን ልታስመታ ነው?» ይሉታል።

ከክዳኑም የባሰው የቋሚው እግር ነበር። በጨረቃ የተቆረጠ እንጨት ይነቅዛል ብለው ስለሚያምኑ ባሕር ዛፉን በጨለማው ሳምንት ያስቆርጡታል፤ ልጣጩን አስልጠው ጥላ ሥር ያደርቁታል። ከዚያ መሬት የሚገባውን በኩል እሳት ለብለብ አድርገው የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። የዘይቱን ጣሳ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጨርቅ የተጠመጠመበትን እንጨት እየነከሩ፣ ስንጥቁን ሁሉ እያጠገቡ፣ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚቀቡት። አንድ ከሰዓት በኋላ «የቀሩትን አንተ ጨርስ» ብለውኝ ሄዱ። ሰለቸኝና አንዱን ቋሚ ሳልቀባ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁት፤ አፈሩንም መለስኩበት። ማታ እራታቸውን አቋርጠው ባትሪ ይዘው ወጡ፤ ያንኑ ቋሚ ለይተው ነቀሉት። እንዴት እንዳወቁ ነግረውኝ አያውቁም። ጣሳው ውስጥ የተረፈውን ዘይት አይተው ይመስለኛል።

ቁጣቸው መጥፎ ነበር፤ ይህን ልደብቅ አልችልም። መዶሻ ይወረውራሉ። ሌላም አለ። እሳቸው ማገሩን መትተው ሲወርዱ ሥራው የሴቶች ይሆናል፤ ጭዱን ከጭቃው አቡክተው የሚመርጉት፣ በእበት የሚለቀልቁት ባለቤታቸው እማማና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። የደቦውን ጠላና እንጀራ ሳልቆጥር ማለት ነው። የቤቱ እኩሌታ የእማማ ነው። አባባ ግን ይህን ሲሉ አንድም ቀን አልሰማሁም።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላም ቦታ የመጣው ሕዝብ መተከል ውስጥ ፓዊ ሲሰፍር እሳቸውም ጎጆ ሊያቆሙ ወደ ቆላው ወርደው ነበር። የእኛ የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የመተከሉ ድፍን ነው። «መጋዝ ይበላል» ይሉ ነበር። ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ስለ ፓዊ ስንጠይቃቸው የሚያወሩት ስለ ቀርከሃው ብቻ ነው፤ ጎጆው ውስጥ ስለገባው ሰው ስንጠይቅ ዓይናቸው ይሸሻል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የገብሱ መሬት ሁሉ የዲከረንስ ዛፍ ሲለብስ እያዩ ይገረሙ ነበር። አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ገበሬውን ጠቅሞታል፤ እኔ አልፈርድም። አባባ ግን «ዛፉ ለምሰሶ ሳይደርስ ለምድጃ ደረሰ» ብለው ፈረዱ።

የሞቱ ለታ ፈረሰኞች መጡ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበሩ፤ የማኅበሩ በዓል ጥር 23 ሲደርስ ስለ ሥራ ማንም አያናግራቸውም ነበር።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «ሁለት ክፍል ሠርተውልኛል፤ የአንዱን ሳልከፍላቸው ሞቱብኝ» አሉና ገንዘብ አወጡ። አጎቴ ደነገጠ። አባባ ከአልጋቸው ራስጌ የማይለይ ደብተር ነበራቸው። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ነው ፊደል የቆጠሩት፤ ጽሕፈታቸው ቋሚ እንደ መትከል ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሟል። ሁላችንም የዱቤ ደብተር ይመስለን ነበር። አጎቴ አመጣውና የሽማግሌውን ስም ፈለገ። ስማቸው አለ፤ የገንዘብ ቁጥር ግን የለም። ከስማቸው ሥር የተጻፈው ይህ ነው፦

«ሁለት ክፍል። የምሥራቁ ማዕዘን ቋሚ እርጥብ ነበር። ታይቶ ይቀየር።»

ሌላውን ገጽ ገለጥን። «ክዳኑ አጠረ፤ ባለቤቱ እንቢ አለ፤ ከክረምት በኋላ ይታይ።» ሌላ ገጽ፤ «የበሩ ጉበን በእኔ ጥፋት ዘሟል።» አንዳንዱ ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ሄደው አስተካክለውታል ማለት ነው። የሰው ዕዳ ፍለጋ የገለጥነው ደብተር የራሳቸው ዕዳ ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ለሽማግሌው ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ በማግስቱ ሄዶም የምሥራቁን ቋሚ ሥሩን ቆፍሮ አየው። በስብሷል። ቀየረው።

መስመር ያልተሰመረባቸው አሥራ ዘጠኝ ስሞች ቀርተዋል። አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ አንዳንዶቹ ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ የወላጆቻችሁ ቤት ያለ፣ እናትና አባታችሁን «ይህን ቤት ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። አባባ ከሆኑ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አጎቴ መጥቶ ቋሚውን ያያል። ክፍያ የለውም።