ቀሪው ማን ነው?

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ባለፈው ሳምንት ደለስ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ እሱን ላውጋችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ ልትገዛ ስትነሳ ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ ነበር። አገር ቤት መሐንዲስ ስለነበርኩ "ያንተ ሙያ ነው" ተባልኩ። ጣሪያውን አየሁ፣ የመኪና ማቆሚያውን ለካሁ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ አሰላሁ። ቃል የተገባውን ገንዘብ የምንከታተልበትን ኤክሴልም የሠራሁት እኔ ነኝ። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ቃል የተገባ፣ የተከፈለ፣ ቀሪ። ቀሪ ላለበት ሁሉ ደብዳቤ ይወጣለታል። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ሰልፉ ላይ አንድ ልጅ "ጋሼን ጠየቅሃቸው?" አለኝ። ጋሼ የምንላቸው ሁላችንንም ታክሲ ያስጀመሩን፣ ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቆሙ አባት ናቸው። "ምን ሆኑ?" ስለው "አልሰማህም እንዴ? ኩላሊታቸው ታሞ በሳምንት 3 ቀን እጥበት ላይ ናቸው። መንዳት ካቆሙ 5 ወር አለፋቸው" አለኝ።

5 ወር! ከ20 እሑድ በላይ ያ ግድግዳ ባዶ ነበር ማለት ነው። እኔ ከፊቱ ቆሜ ሳስቀድስ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

ሄድኩ። ሰው ቤት ቤዝመንት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሻይ ካላፈላሁ ብለው ተነሡ፤ በግድ አስቀመጥኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር "ተው እንጂ፣ የዚህ አገር ኑሮ መቼ ፋታ ይሰጣል" ብለው አፌን አስያዙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ከሆስፒታል ወረቀቶች ጋር የቤተ ክርስቲያናችን ማኅተም ያለባቸው 3 ፖስታዎች አየሁ። የኔው ኤክሴል ያወጣቸው ናቸው። ጋሼ ዓይኔን ተከትለው "እሱንም እከፍላለሁ፣ ትንሽ ሻል ሲለኝ" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጋሼን ቀሪ ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ እናውቃለን። ጋሼ ራሳቸው ቀሪ እንደሆኑ ግን ያወቀ የለም።

ቤቴ ገብቼ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ድሮ ያነበብኩትን መልሼ አገላበጥኩ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ155 አካባቢ ሮም ሆኖ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው አቤቱታ ክርስቲያኖች እሑድ እሑድ ምን እንደሚያደርጉ ያስረዳል። መጻሕፍት ይነበባሉ፣ ይሰበካል፣ ይጸለያል፣ ይቆረባል። ከዚያ ዲያቆናቱ ላልተገኙት ቁርባኑን ይዘውላቸው ይሄዳሉ። ያለውና የፈቀደ ሰው የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ በጉባኤው መሪ እጅ ተቀምጦ ለወላጅ አልባው፣ ለመበለቷ፣ ለታመመው፣ ለታሰረው፣ ለእንግዳው ይውላል። እስቲ ልብ በሉ፤ ላልመጣ ሰው ለመውሰድ መጀመሪያ ማን እንዳልመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕንፃቸውስ? በሶርያ ዱራ ኤውሮጶስ በ1930ዎቹ በቁፋሮ የተገኘው የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ አፍርሰው አዳራሽ አደረጉት፣ ሌላውን ክፍል ማጥመቂያ። አዳራሹ 70 ሰው ገደማ ይይዝ እንደነበር ይገመታል። 70 ሰው በሚቆምበት ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ 5 ወር ቢጠፋ የማይታይ ይመስላችኋል?

"እነሱ ቅዱሳን ነበሩ፣ እኛን ከእነሱ ጋር ምን አመጣው" የሚል አይጠፋም። እነሱም ሰዎች ነበሩ። ቆሮንቶስ ላይ በአንድ ማዕድ አንዱ ጠግቦ ሲሰክር ሌላው ጦሙን ያድር እንደነበር ጳውሎስ ወቅሷቸዋል። ኢየሩሳሌምም ውስጥ ምግብ ሲታደል ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ይዘለሉ ነበር። ግን ማጉረምረሙ ሲሰማ ሐዋርያት ጉዳዩን ለሌላ ቀን አላሳደሩትም። ሕዝቡን ሰብስበው እስጢፋኖስን ጨምሮ 7 ሰዎች አስመረጡ። የዲቁና መነሻ የሚባለው ይኸው የተረሱ መበለቶች እንጀራ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጣዖት የተመለሰው ንጉሥ ዩልያኖስ እንኳ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድሃ አልፈው የእኛንም ይመግባሉ ብሎ በቁጭት ጽፏል። ጠላት የመሰከረላቸው በዚህ ነው።

ለኛም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እናቴ ሰንበቴ ነበራት። ተረኛው ዳቦና ጠላውን ይዞ ይመጣል፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ከነዳያኑ ጋር ይቀምሳል። አንድ ሰው ከቀረ "ምን ሆኖ ነው?" ተብሎ ሳይጠየቅ አይዋልም ነበር። ኤክሴል አልነበራቸውም።

ሕንፃ አይገዛ እያልኩ አይደለም። በዚህ ብርድ ልጆቻችን የት ሆነው ፊደል ይቁጠሩ? ጥፋቱ ሕንፃው ላይ የለም፤ እኔ ላይ ነው። መሐንዲስ ሕንፃው ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ያሰላል። እኛ አንዳችን የሌላውን ሸክም እንድንሸከም እንደታዘዝን ግን ረሳሁት።

እሑድ ለኮሚቴው ተናገርኩ። አንዱ "ይሄ የኛ ሥራ አይደለም፣ የሰበካ ጉባኤ ነው" አለ፤ ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ አልተቋጨም። እኔ ግን ስብሰባ አልጠበቅሁም። ደብዳቤ ከመውጣቱ በፊት ሰው ይደወልለት ብዬ ኤክሴሉ ላይ "ማን ጠየቀው?" የሚል ዓምድ ጨመርኩ። አብዛኛው እስካሁን ባዶ ነው። ከሰልፉ ልጆች ጋር ደግሞ ጋሼን ለእጥበት በየተራ ማመላለስ ጀምረናል። የኔ ቀን ማክሰኞ ነው። መጀመሪያ ቀን ሂሳብ ልክፈል ብለው አስቸገሩኝ፤ ሹፌር ናቸዋ!

እናንተም የፊታችን እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ መኪናችሁ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አንዴ ወደ ኋላ ዞር በሉ። ያ ሁልጊዜ የሚቆመው ሰው አለ? ከሌለ ደውሉለት።

ቸር ያሰንብተን።